ፀጉር አስተካካዩ ወገን የያዘ ለት

ታዲየስ ጌይንስ ሴንት ሉዊስ ውስጥ ፀጉር እያስተካከለ ዕድሜውን ሲገፋ በደንበኛ ክርክር መሃል ገብቶ አያውቅም። "ወገን ከያዝኩ ግማሹ ፀጉር ሌላ ቤት ይሄዳል" ይላል። የከንቲባውም ነገር ይነሳ የፓስተሩ፣ እሱ አፉን ዘግቶ ማሽኑን ያስጮኻል። የዚያ ቅዳሜ ክርክር ግን የመጣው በገዛ ልጁ ነበር።

ኖኤል ጋዜጣ ላይ የስፖርት አምደኛ ናት። ያን ዕለት ጠዋት በወጣው አምዷ የከተማውን የቅርጫት ኳስ ቡድን ባለቤት፣ ሃርላን ቮስን፣ ልክ ልኩን ነግራዋለች። ጥሩ ጥሩውን ተጫዋች እየሸጠ የክብር እንግዶቹን ክፍል በእብነ በረድ ያስለብጣል፤ ዕድሜውን ለቡድኑ የሰጠውን አንጋፋ ተጫዋች ሲሸኝ እንኳ ስሙን አሳስቶ ጠራው፤ ቡድኑን ሽጦ ይገላግለን ብላለች። መጨረሻ ላይም "ዛሬ ማታ ከረጢታችሁን እንዳትረሱ" ብላ ዘጋችው። እዚያ አገር ቡድን ሲያሳፍር ደጋፊ ዓይን የተበሳለት የወረቀት ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ ስታዲየም ይገባል። መግባቱን ይገባል፤ ፊቱን ግን አያሳይም።

ችግሩ ታዲየስ ከቮስ ጋር የተነሳው ፎቶ ከመስተዋቱ በላይ መሰቀሉ ነው። ቮስ ቡድኑን የገዛ ሰሞን መጥቶ ተስተካክሎ "ዋንጫውን መጀመሪያ የማመጣው እዚህ ነው" ብሎ ነበር። ዋንጫውም አልመጣ፣ ሰውየውም አልተመለሰ። ታዲየስ ግን ፎቶውን ይወደዋል። ጠዋት ኖኤል ደውላ "አባዬ፣ አነበብከው?" ስትለው "ደንበኛ ይዣለሁ" ብሎ ዘጋባት። ወደ ስታዲየም ስትሄድ ብቅ እንደምትል ያውቃል። ምን ብሎ ፊቷን እንደሚያይ ግን አያውቅም።

ወንበሩ ላይ ያለው ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ክሊዮፈስ ነው። ግማሽ ራሱ ተላጭቷል።

"ቮስ ባይኖር ቡድኑ ድሮ ሌላ ከተማ ሄዶብን ነበር! ልጅህ ይሄን ለምን አትጽፍም?"

"ይሂድልን እንጂ!" አለ ተራ የሚጠብቀው ፖስተኛው ላቬል። "ባለፈው እኮ ተጋጣሚው ራሱ አዝኖልን ተቀያሪዎቹን አስገባ።"

"አንተ ስናሸንፍ አለህ፣ ስንሸነፍ የለህም።"

"አለሁ እንጂ! ከረጢት ውስጥ ነኛ!"

ላቬል በራሱ ቀልድ ከት ብሎ ሳቀ። ታዲየስም ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነከሰ።

"እኔ ምለው፣" አለ ክሊዮፈስ፣ "ኳስ አንጥራ የማታውቅ ልጅ ስለ ኳስ ምን አገባት? አይክፋህ ታድ።"

ማሽኑ ቀጥ አለ።

"ማናት ኳስ አንጥራ የማታውቀው?" አለ ላቬል። "በቸርቹ ሽርሽር ላይ ቅጣት ምት ተወዳድራችሁ ጉድ አላደረገችህም እንዴ?"

"ጉልበቴን አሞኝ ነበር!"

"ቆመህ ለምትወረውረው ጉልበት ምን ሊያደርግልህ!"

ያን ቅጣት ምት ያስተማራት ታዲየስ ነው፤ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ በዝናብ ሳይቀር። ተናደደ። የተናደደው ግን በክሊዮፈስ ሳይሆን በራሱ ነበር። ማሽኑን አስቀመጠና ለምሳ የመጣውን የተጠበሰ አሳ ከትልቅ የወረቀት ከረጢቱ ትሪ ላይ ዘረገፈው። መቀሱን አንስቶ ከረጢቱ ላይ ሁለት ዓይን በሳ፣ ከዚያ ጭንቅላቱ ላይ አጠለቀው።

"ታድ! ምን ነካህ?"

"ወገን ያዝኩ" አለ ከውስጥ። ማሽኑን መልሶ አስነሳ።

"ኧረ በናትህ! በዚህ ዓይንህ ልትላጨኝ?"

"አትንቀሳቀስ። ለጆሮህ ዋስ አልሆንም።"

በሩ ተከፈተና ኖኤል ገባች። ላቬል በሳቅ ተንፈራፍሮ እንባው ይወርዳል፤ ክሊዮፈስ ጆሮዎቹን በእጁ ሸፍኗል፤ ከኋላው ግንባሩ ላይ ዘይት የጠጣ ከረጢት ቆሟል።

"አባዬ?"

"አነበብኩት" አለ ከረጢቱ። "ስትደውዪ ደግሜ እያነበብኩት ነበር። ደንበኛ ይዣለሁ ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ማንም አልነበረም።"

ኖኤል በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

"ኮርቼብሻለሁ፣ ልጄ። ማለት አቃተኝ እንጂ።"

"አውልቀውና ፊቴን እያየህ በለኛ።"

"አላወልቅም። ይሄ ነገር መቼ እንደሚጠለቅ አንቺው ጽፈሻል።"

"እሱ ቡድን ሲያሳፍር ነው።"

"አባት ሲያሳፍርም ይሆናል።"

ጠጋ ብላ ከረጢቱን ቀስ አድርጋ አነሳችለት። ዓይኑ ቀልቷል፤ ፊቱ አሳ አሳ ይሸታል። እንደዚያው ሳመችው።

"ፎቶውንስ ላውርደው?" አለ ላቬል።

"ተወው፣" አለ ታዲየስ አፍንጫውን እየጠረገ። "ፀጉሩን በደንብ ነው የሠራሁት።"

"እኔንስ?" አለ ክሊዮፈስ መስተዋቱ ውስጥ ራሱን እያየ። ባልተላጨው ግማሽ፣ ከጆሮው በላይ፣ ማሽኑ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ጠማማ መንገድ አውጥቶበታል። በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ እጁን ወደ ኖኤል ዘረጋ።

"ልጄ፣ ያንን ከረጢት ወዲህ በይው።"