የግማሽ ሰዓት ጨለማ

የልጅ ልጄ ማታ ማታ የኔ ነበረች። የቤት ሥራዋን እንደጨረሰች እግሯን ጭኔ ላይ ጥላ የትምህርት ቤት ወሬዋን ትዘረግፍልኛለች። እናቷ የማታ ፈረቃ ስለምትገባ ያ ሰዓት የሁለታችን ብቻ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።

ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው መነጽር ሠሪ፣ ጓሮዋ ውስጥ ቴሌስኮፕ የተከለች ዕለት ነገር ተበላሸ። የቴሌስኮፑን መስተዋት ራሷ ናት አሉ የሞረደችው። ልጅቷ አንድ ቀን በአጥሩ አጮለቀች፤ በማግስቱ "አክስቴ ጋ ልሂድ" አለችኝ። ማን ያዛመዳቸው አክስት?

"ምን ታያላችሁ ቆይ?" አልኳት።

"ኔቡላ፣ እማማ። ኮከብ ሲያረጅ ከላዩ የሚያራግፈው ጋዝ ነው። ትንሽ ክብ ጭስ ይመስላል። ፊት ለፊት ካፈጠጥሽበት ይጠፋል፤ ጎን ጎኑን ስታዪ ብቅ ይላል።"

"እኔም አርጅቻለሁ። እዚሁ ቁጭ ብለሽ እኔን እዪኝ።"

ስቃ ጃኬቷን አጠለቀች።

ብርድ ይመታታል፣ ያ ቱቦ ይወድቅባታል፣ ያላሰብኩት የለም። እውነቱን ልጻፍ ካልኩ ግን አንጀቴን ያሳረረው ብርዱ አይደለም። እኔ ስጠይቃት "ደህና" ብቻ የምትለው ልጅ እዚያ ማዶ አፏ አይዘጋም፤ በኩሽናው መስኮት ይሰማኛል።

ስለዚህ የበረንዳውን መብራት አበራሁት። ብርሃኑ ጎረቤቴ ጓሮ ድረስ ይደርሳል። "ደረጃው እንዳይጥልሽ ብዬ ነው!" እላለሁ። ትንሽ ቆይቼ አጠፋዋለሁ፤ ደግሞ አበራዋለሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሠራሁ። ልጅቷ ግን ጭራሽ ባሰባት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመለስ የነበረችው ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ታመሽ ጀመር።

አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ ሹራቤን ደርቤ ሄድኩ። ቴሌስኮፑ ብቻውን ሰማይ ላይ አፍጧል። እነሱ ወንበር ገጥመው ያወራሉ።

"ይሄ ነው ማየት?"

"ዓይናችን ጨለማውን እስኪለምድ ነው" አለች ልጅቷ። "መብራት ካየን ሌላ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ አለብን። እማማ፣ አንቺ ባበራሽ ቁጥር ከዜሮ ነው የምንጀምረው።"

"ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ ምን ትሠራላችሁ?"

"እናወራለና።"

ለካስ በገዛ እጄ በየማታው አንድ አንድ ሰዓት እየቆረስኩ ለሴትዮዋ ሳድል ኖሬያለሁ።

"አንቺስ ለምን አጥፊው አላልሽኝም?" አልኳት መነጽር ሠሪዋን።

"ኧረ እትዬ፣ እኔ ምን ጎደለብኝ" አለች ለስለስ ብላ። "ቤቴ ሰው አይመጣም። ለኔ ሲበራ ይሻለኛል።"

ማዘን ነበረብኝ። አዘንኩም፣ ትንሽ። ወዲያው እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ ስታኖር አየሁና ሐዘኔ ብን ብሎ ጠፋ።

እኔንም አሳዩኝ። "ጎን ጎኑን፣ እማማ" ትለኛለች። እኔ ያቺን እጅ እያሰብኩ ምን ይታየኛል? "አየሁት" ብዬ ዋሸሁ።

በማግስቱ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ የበረንዳውን አምፖል ፈታሁት። ልጅቷ ዓይኗ አንዴ ለምዶላት፣ ኔቡላዋን አይታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ እግሯ ጭኔ ላይ ነበር። ያኔ በአጥሩ በኩል ተጠራሁ።

"እትዬ፣ መብራታችሁ ምን ሆነ?"

"ተቃጠለ።"

"እኔ ጋ ትርፍ አምፖል አለ። ላምጣላችሁ?"

"አትልፊ፣ እንዲሁ ይሻለናል" አልኳት። አምፖሉ የሹራቤ ኪስ ውስጥ ነበር።