ሌሎች የሚጨርሱላት ዓረፍተ ነገር

ግን ለምንድን ነው ሰው የጀመረችውን እንድትጨርስ የማይተዋት፣ ለምንድን ነው እኔ እኮ ካለች በኋላ የሚመጣው ሁሉ የሌላ ሰው የሚሆነው፣ ትምህርት ቤት እያለች እጇን አውጥታ መልሱ ብላ ስትጀምር አጠገቧ ያለችው ልጅ ትጨርሰውና ጭብጨባው ወደዚያ ይሄድ ነበር፣ ልጅ ስለሆንኩ ነው አለች ያኔ፣ አደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ስለ ሰው ጠባይ የተጻፈ ያገኘችውን ሁሉ አነበበች፣ ማን ሲናገር ማን እንደሚገባ፣ ሰው ተራውን በምን ምልክት እንደሚያስረክብ፣ መጻሕፍቱ ብዙ ያውቃሉ፣ የእናቷን ሳሎን ግን አያውቁትም።

እሁድ ነው። ምሳ ተበልቷል። ታላቅ ወንድሟ ቀበቶውን አላልቶ ሶፋው ላይ ተንሰራፍቷል፣ ሚስቱ ብርቱካን ትልጣለች፣ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ገመድ እንዲወርድ እየተጠነቀቀች፣ እናቷ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛለች፣ እሷ ደግሞ ጥግ ላይ ጉልበቷን ገጥማ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛ ትጠብቃለች፣ ሌላ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀብሎኛል፣ ሁለት ዓመት ነው፣ መልስ የምሰጠው እስከ ነገ ነው፣ በቃ፣ ምን ይከብዳል ይሄ፣ ተራራ ግፊ አልተባልሽ። ግን ከእናቷ ጋር የምትኖረው እሷ ብቻ ናት፣ አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ሁሉም ሳይነጋገር የተስማማው በዚህ ነው፣ እሷን ማንም አልጠየቃትም፣ እሷም እምቢ አላለችም፣ እዚህ ቤት ዝም ያለ ሰው እንደ ፈረመ ይቆጠራል።

ትንፋሽ። አሁን። እኔ እኮ፣ ትላለች፣ ስለሚቀጥለው ዓመት ሳስብ፣ ዓይኗ ከምንጣፉ ይነሣና ወንድሟ ፊት ላይ ያርፋል።

አውቀናል ፕሮፌሰር፣ ይላል ወንድሟ፣ እማዬን ትቼ የትም ንቅንቅ አልልም ልትይ ነው፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር። እሷማ መልአክ እኮ ናት፣ ትላለች ሚስቱ፣ ብርቱካን ገምሳ ታቀብላታለች፣ ሽልማት መሆኑ ነው። ትቀበላለች። ትበላለች። ይጎመዝዛል። ከአፏ የወጣው ግማሽ የወንድሟን ግማሽ አግብቶ የማታውቀው ልጅ ተወለደ፣ ስሙም መልአክ ተባለ።

መናደድ ነበረባት፣ አትናደድም፣ ታያለች፣ ማየት ይቀናታል። ማተሚያ ቤት ነው የምትሠራው፣ አራሚ ናት፣ እርማት የሚሠራው በጥንድ ነው፣ እሷ ዋናውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ጋሼ የምትላቸው ሽማግሌ ባልደረባዋ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው በታተመው ላይ እየተከተሉ ስህተት ያድናሉ፣ ስታነብ ማንም አያቋርጣትም፣ በር ከፍቶ የሚገባ ሰው እንኳን እግሩን አቅልሎ ነው የሚራመደው። አንድ ቀን ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንቺ ልጅ፣ አሏት፣ የሰው ጽሑፍ ስታነቢ ጄኔራል ነሽ፣ ሻይ ስታዢ ግን አስተናጋጁ ራሱ ነው መርጦ የሚያመጣልሽ፣ ነገሩ ምንድን ነው። ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፣ ጥያቄው ግን ሳቁ ሲያልቅ አላለቀም፣ ራሷን እንደ ሌላ ሰው ትከታተል ጀመር፣ ደረሰችበትም፣ ስታነብ ዓይኗ ከወረቀቱ አይነሣም፣ የራሷን ስትናገር ግን መሐል ላይ ቀና ብላ የሚሰማትን ሰው ፊት ታያለች፣ በር ላይ ቆሞ ልግባ እንደሚል ሰው፣ ሰውየው ደግሞ ክፉ አይደለም፣ ቃል ያጠራት ይመስለዋል፣ ሞተሩ የጠፋ መኪና እንዳየ መንገደኛ እጅጌውን ሰብስቦ ይገፋታል፣ የሚገፋት ግን ራሱ ወደሚሄድበት ነው። ይህቺን የትኛውም መጽሐፍ አልነገራትም።

ወንድሟ ጆሮውን ያካል። ሲፈራ እንዲህ ነው፣ ከልጅነቱም። እሷ ከሄደች እናታቸው ወደ እሱ ጠባብ ቤት ልትመጣ ነዋ፣ ሚስቱም የሚቀጥለው ዓመት የሚለውን ስትሰማ ቢላዋዋ ፈጥኖ ልጣጩን በጥሶታል፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድም ውሸታም የለም፣ ሁሉም በሚመቸው በኩል እየጨረሰ ነው። እሰይ፣ ገባሽ፣ ጎበዝ፣ ታዲያ መግባቱ ምን ፈየደልሽ፣ መኪናው እንደሆነ ተገፍቶ ወንድምሽ ደጅ ቆሟል።

እኔ እኮ ብቻዬን፣ ትላለች እናቷ፣ ከብርጭቆው ላይ ቀና ብላ።

ብቻሽን አትሆኚም እማዬ፣ እኔ አለሁ።

ቆይ።

ማነው እሱ የተናገረው። የራሷ ድምፅ ነው፣ ፈጣን፣ ለስላሳ፣ ከወንድሟ ድምፅ የማይለይ። እሺ የኔ እናት፣ ትላለች እናቷ፣ ዓይኗን ወደ ብርጭቆው ትመልሳለች፣ ስኳር የሌለውን ሻይ ታማስላለች። የሌለውን ስኳር። ባለፈው ኮሪደሩ ላይ፣ እናቷ የበሩን እጀታ ይዛ፣ እኔ እኮ ብቻዬን፣ አላለችም እንዴ፣ እሷስ ምን አለች፣ ቆልፌዋለሁ አትፍሪ። ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ፣ እኔ እኮ ብቻዬን፣ እኔም አብሬሽ ነው የምገባው፣ አይዞሽ። ስንት ወር ሆነው ይሄ፣ ሁልጊዜ ያው ግማሽ፣ ሌላኛውን ግማሽ ሰምታው አታውቅም። ዓይኖችሽ ቁርጥ የእናትሽን ይሏታል ዘመዶች፣ ቅርጻቸውን ማለታቸው ነው፣ ልግባ ብለው መነሣታቸውን አላዩትም። ስንት ዓመት ከአፌ ነጠቁኝ ስትል የነበረችው ሴት፣ ነጣቂ።

ብርጭቆዎቹን ትሰበስባለች፣ እናቷ ትከተላታለች፣ ወጥ ቤት፣ የቧንቧ ውሃ፣ እናቷ ታጥባለች እሷ ታደርቃለች፣ ከሳሎን የወንድሟ ሳቅ ይመጣል፣ ቴሌቪዥን ከፍቷል። የራሷን አትናገርም፣ ገና ነው። ትጠብቃለች።

እኔ እኮ ብቻዬን፣ ትላለች እናቷ።

የእናቷ ዓይኖች ይነሣሉ፣ ይሰማታል፣ ጉንጯ ላይ ያርፋሉ። ብርጭቆውን እዪ፣ ብርጭቆውን ብቻ፣ አለሁ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ አለሁ አለሁ፣ ደግ ቃል እኮ ነው፣ ማን በደግ ቃል ተጎድቶ ያውቃል፣ ዝም በይ፣ ዝም ማለት ነው የምትችዪው ብቸኛ ሞያ፣ አሁን ምን ነካሽ። ውሃው ይወርዳል። ብርጭቆው ከደረቀ ቆይቷል፣ ታደርቀዋለች።

ምነው ዝም አልሽ።

እየሰማሁሽ ነው እማዬ።

ብቻዬን ማደር እፈራለሁ።

አበቃ። ያው ነው እንግዲህ፣ ግምቷ ልክ ነበር፣ ወንድሟም ልክ ነበር፣ ሁለቱ ዓመታት ከሳሙናው አረፋ ጋር ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ይታያታል፣ እሺ፣ መልአክ ትሁን፣ ግን የእናቷ አፍ አልተዘጋም፣ ትንፋሽ እየሳበች ነው፣ ገና ነው፣ ዝም።

እሱንማ ለአክስትሽ ነገርኳት፣ ትላለች እናቷ፣ እሷም ኪራይ ቤት መንከራተት ሰልችቷታል፣ የልጅሽን ክፍል ስጪኝና ልምጣ፣ ሁለት አሮጊቶች ስንነታረክ እንኑር አለችኝ። ወደድኩት። ላንቺ እንዴት ልንገርሽ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ ትይኛለሽ፣ ሰው አለሁ የሚል ልጁን እንዴት ክፍል ልቀቂልኝ ይላል። የትም ሂጂ ማለቴ አይደለም፣ ግን ዕድሜሽን ሙሉ እዚህ ተቀምጠሽ

እናቷ የትም ስትል ልትገባባት ነበር፣ አሁንም ልትገባ ነው፣ ከንፈሯን ትነክሳለች።

እዚህ ተቀምጠሽ እኔን እያየሽ ስታረጂ ማየት አልፈልግም፣ ትጨርሳለች እናቷ። ጨረሰች። በገዛ አፏ።

ክፍሉን ስጫት እማዬ፣ ትላለች፣ ዓይኗን ከብርጭቆው ሳትነቅል፣ ሌላ ከተማ ልማር ነው፣ ሁለት ዓመት፣ ተቀብለውኛል።

እናቷ ቧንቧውን ትዘጋለች። አንቺ፣ ትላለች፣ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ ለወንድምሽስ ነግረሽዋል፣ ዛሬውኑ ንገሪው እንጂ፣ ኋላ ቅር ይለዋል።

ቅር ይለዋል፣ አዎ፣ ጆሮውንም ያካል፣ ከዚያም ለእሷ በማሰብ፣ ከልቡ፣ የጀመረችውን ወስዶ ይጨርስላታል። ስለዚህ አሁን አትነግረውም። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነው፣ እዚሁ፣ ወጥ ቤት ቆማ፣ እሺታዋን ትልካለች፣ ከላከች በኋላ ሳሎን ገብታ ትነግረዋለች፣ ያኔ ፊቱን ልታየው ትችላለች፣ እስኪበቃት፣ ያለቀ ነገር ማንም አይጨርስላትም።