የኪቲዮኔ ምስክርነት

አንዲት ሴት በባሏ ዘመድ ምላስ የተነሳ ከአገር ልትወጣ ትችላለች ቢሉኝ አላምንም ነበር። አሁን አምናለሁ።

ባሌ ዋይሳኬ በያጅ ነው። ማካይ ወደምትባለው የባዕድ አገር ከተማ ከመጣን ጀምሮ የማዕድን ማውጫ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ይሠራል። የመጣንበት ጊዜያዊ ቪዛ ጥር ላይ ያልቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መቆየት የምንችለው ሙያው ከተመዘነና ባለሙያ ነው ከተባለ ብቻ ነው። መዛኞቹ ደግሞ እዚህ የሠራውን ብቻ አይተው አይተዉትም፤ አገራችን ፊጂ የሠራውንም ያጣራሉ። ፊጂ የሠራው ላሚ በምትባል ከተማ ነው፤ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በእናቱ ወንድም ልጅ በኪቲዮኔ የጀልባ መጠገኛ ውስጥ።

እኔ መመለስ አልፈልግም ነበር። አገሬን ጠልቼ አይደለም። ላሚ ሳለን አውሎ ነፋሱ ጣሪያችንን ወሰደው፤ ሠራን፤ ደግሞ ወሰደው። ማካይም አውሎ ነፋስ አለ፤ ጣሪያው ግን በቦታው ይቆያል። ልጄ አሊሲ ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር መግባት የተወችው እዚህ ነው። ስለዚህ የዋይሳኬ ጉዳይ ለእኔ የጣሪያ ጉዳይ ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣ እየጠበስኩ ዋይሳኬ ስልኩን እያየ መሳቅ ጀመረ። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ስሚማ! ከመዛኞቹ ነው። ለኪቲዮኔ ደውለውለት።» እንባውን እየጠረገ አነበበልኝ። «‹የቀድሞ አሠሪዎ ሲጠየቁ እንዲህ ብለዋል፦ ዋይሳኬ? እሱ ሠርቶ አያውቅም። እኔ ጋ የኖረው ካሳቫዬን ሊበላ ነው። በየደ ከተባለም የበየደው የራሱን ቂጥ ከወንበር ጋር ነው።›»

«ቀጥል።»

«‹በመሆኑም የሥራ ልምድዎን ልንቀበል አልቻልንም። ማስተባበያ ካለዎት እስከ ወሩ መጨረሻ...›» ሳቁ እዚያ ላይ ቆመ።

ደሜ ፈላ። «ሳቅ እንጂ! ጥር ላይ ፊጂ ተመልሰህ ናንዲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ተሸክመህ ትስቃለህ!»

«ታዲያ ምን እንዲል ፈለግሽ? የአጎቴ ልጅ እኮ ነው፣ ታቫሌዬ!»

ኪቲዮኔን ልክ ልኩን ብነግረው ደስ ባለኝ። ግን በባሌ በኩል ለእኔ እንደ ወንድም ይቆጠራል፤ ወንድም ላይ ደግሞ ድምፅ ከፍ አይደረግም፤ ዝም ብሎ ፊት ለፊት እንኳ አይወራም። ስለዚህ ለሚስቱ ለሎሴና ደወልኩ። ከሎሴና ጋር ያሻንን እንባባላለን።

«አንቺ አሮጊት፣ ባልሽ ለየለት እንዴ?»

«የኔስ ጤነኛ ነው፣ ያንቺ ነው በልቶ የጠፋው» አለች ሎሴና። ነገሩን ስነግራት ግን «ኪቲ! ና ወዲህ፣ ሰውየውን ከአገር ልታስባርረው ነው!» ብላ ስትጮህ ጆሮዬ ሊበጠስ ደረሰ።

ኪቲዮኔ ከጀርባዋ ሲከራከር ይሰማኛል። «ነጭ ሴትዮ ደወለች። ዋይሳኬ እንዴት ያለ ሠራተኛ ነው አለችኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ከበውኝ እየሰሙ! ጎበዝ ነው ብል ምን ሊሉ ነው? ተጣሉ ነው የሚሉት! እሷስ ብትሆን ቀልድ አታውቅም?»

በማግስቱ መዛኟ ጋ ደወልኩ። ጃኒን ትባላለች፤ ድምጿ የደከመ መምህርት ድምፅ ነው። እንዴት እንደማስረዳት ጨነቀኝ።

«እኛ ጋ የወንድም ልጅና የእኅት ልጅ ታቫሌ ይባባላሉ» አልኳት። «ታቫሌ ታቫሌውን ሳይሰድብ አይውልም። ሌባ ይለዋል፣ ሰነፍ ይለዋል፣ በሠርጉ ቀን ያዋርደዋል። የተሰደበውም ይኮራል።»

«ታዲያ ሰውየው ከልቡ እንዳልሰደበው በምን አውቃለሁ?»

«ከልቡ ቢጠላው ኖሮ ያመሰግነው ነበር።»

ከጃኒን በኩል የወረቀት መገላበጥ ተሰማ። ጉዳያችን አከተመ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። «እሺ፣ ይሄን ወረቀት ላይ ምን ብዬ ልጻፈው?» ብላ ስትስቅ ሰማኋት። መዝገቡን ዘግታ ምሳዋን ልትበላ ትችል ነበር። አላደረገችውም፤ ዕድሜ ይስጣት። በቪዲዮ እንደገና ልትጠይቀው ተስማማች፤ እኛም እንድንገኝ፣ ኪቲዮኔ ሲናገር ግን ትንፍሽ እንዳንል። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አለች፦ ቀልድ የለም፣ ሰውየው የሚያውቀውን በቀጥታ ይናገር።

ለእሷ ቀላል ነገር ነው። እኛ ዘንድ ታቫሌ በቁም ነገር የሚመሰገነው ሞቶ፣ ሬሳው ፊት ብቻ ነው። ሎሴና በኋላ እንደነገረችኝ ኪቲዮኔ ያን ሰሞን እህል አልወርድ ብሎት ነበር። «በቁሙ ልቅበረው ነው?» እያለ ይብሰለሰል ነበር አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ኪቲዮኔ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ ቀረበ። ከኋላው አንድም ሠራተኛ የለም፤ ሁሉንም አስወጥቷቸዋል። ስልኩን የያዘችው ሎሴና ስለሆነች ምስሉ ይወዛወዛል። ዋይሳኬ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሻሸ ነበር።

«ዋይሳኬ እርስዎ ጋ ምን ይሠራ ነበር?» አለች ጃኒን።

ኪቲዮኔ መሬት መሬት አየ። ሊቀልድ ነው ብዬ ፈራሁ። ከረባቱን አስተካከለ።

«አሉሚኒየም ጀልባ ይበይድ ነበር። አሉሚኒየም እሳቱን ትንሽ ካበዛሽበት ይቀልጥብሻል፣ ከፈራሽው ደግሞ አይያዝም። ሌላ ሰው የበየደውን ውኃ ላይ አውጥቼ ሳልፈትሽ ለባለቤቱ አልሰጥም። የእሱን ፈትሼ አላውቅም።»

«ለምን?»

«እሱ ራሱ ሳያምንበት ከእጁ አይለቀውማ። አሁን ያሉኝን በያጆች ያስተማራቸው እሱ ነው። ወደ ደሴቶቹ ነርስ የምታደርሰዋን ጀልባ የሠራት እሱ ነው። ባሕሩ ተቆጥቶ ሰው ሁሉ በቀረበት ቀን ሚስቴን ደሴት ላይ ሳለች ምጥ ይዟት ወደ ሱቫ ሆስፒታል የወሰድኳት በእሷ ነው። የፈራሁት ማዕበሉን ነው፤ ጀልባዋን አልፈራሁም።»

ምስሉ ይበልጥ ተወዛወዘ። ሎሴና እያለቀሰች ነበር።

ጃኒን ስለ ሥራ ሰዓቱ፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ኃላፊነቱ ጠየቀች፤ ሁሉንም መለሰ። በመጨረሻ «የሚጨምሩት ነገር አለ?» አለችው።

«አለ» አለ ኪቲዮኔ። ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየን። «ካልፈለጋችሁት መልሱልኝ።»

ዋይሳኬ ተነስቶ ጓሮ ወጣ። ተከትዬው አልሄድኩም፤ ሰው የራሱን የቀብር ንግግር ሰምቶ ሲያለቅስ ብቻውን ቢተዉት ይሻላል።

ኅዳር ላይ ተፈቀደልን። ጮህኩ፣ አሊሲን አቅፌ ዞርኩ፣ ለጃኒን የኮኮናት ኬክ ጋግሬ ላክሁ። ስጦታ መቀበል አይፈቀድልንም ብላ መለሰችው፤ ከአንዱ ጥግ ግን ትንሽ ተቆርሶ ነበር። ሆዴ ቅቤ ጠጣ።

የቀረው ኪቲዮኔ ነበር። ዋይሳኬ ደወለለት፤ ሁለቱም ስለ ዝናቡ ብቻ አወሩ። ያ ምስጋና መሃላቸው ተጋድሟል፤ ማን ያንሳው?

«አመስግነው እንጂ!» አልኩት በሹክሹክታ።

በእጁ ዝም በይ አለኝ። «አንተ ሽማግሌ» አለ በመጨረሻ፣ «ያ ከረባት ከየትኛው ሬሳ ላይ ፈትተህ ያመጣኸው ነው?»

ከላሚ የመጣው ሳቅ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «ካሳቫዬን መልስ፣ ሌባ!» አለ ኪቲዮኔ። ከዚያ በኋላማ ማን ያስቆማቸው።

እኔ ግን ታቫሌው አይደለሁም። ስድብ አይበቃኝም። ስልኩን ተቀብዬ፣ እንደ ወጉ በሎሴና በኩል ሳይሆን፣ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ እሱን ራሱን አናገርኩት።

«ወንድሜ ኪቲዮኔ፣ ፈለጉት፤ አንመልስልህም። ይቅር በለን። እግዜር ይስጥልን።»

ሳቁ ቆመ። ከጀርባው መዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«አውቄ ነው የሰጠሁት፣ እኅቴ» አለ ዝግ ብሎ። «ጣሪያሽ ይጽናልሽ።»