ማንም የማይጠራው መስመር

ሐሜተኛ ነሽ ይሉኛል፤ አልክድም። ግን የልጅ ልጄን ፍናንን ከመባረር ያዳናት ይሄው ምላሴ ነው።

ሥራዋ እንዲህ ነው። አርባ ባዶ ኮምፒውተር ይሰጧታል። እሷ አንድ ፋይል ትጽፋለች፤ ማሽኖቹ እሱን እያነበቡ፣ ዲፖ ከሚሉት የሶፍትዌር ጓዳ አንዱን ከአንዱ አስከትለው እያወጡ ራሳቸውን ይጭናሉ። የሰው እጅ አይነካቸውም።

ዓርብ ጠዋት ፓልምስ ሰፈር ያለው ቤቴ መጥታ ላፕቶፗን ከፈተች።

"እማዬ፣ አርባውም ሰባተኛው ሶፍትዌር ላይ ሲደርሱ ቀጥ ይላሉ። እስከ ምሳ ካልተነሱ ፋየር ያደርጉኛል።" እንባዋ ጠብ አለ።

"ፋይሉን መጀመሪያ ማን ነው የጻፈው?"

"ጋሼ ተክለብርሃን።"

ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት የሠራበትን ቦታ ቀምተው ነው ለእሷ የሰጧት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ቤተክርስቲያን ሲያገኘን የሚያየው ጫማውን ነው።

"ደውዪለት።"

"ሞቼ ነው! በምን ዓይኔ?"

ፊቷን ልትታጠብ ስትገባ ስልኬን አነሳሁ። በዚያ ሰዓት ፌርፋክስ፣ የሐበሻ ካፌዎቹ ሰፈር፣ ማኪያቶ ይዞ የት ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሳይቀር አውቃለሁ።

"ተክለብርሃን፣ እኔ እንኳ ወሬ ማመላለስ አልወድም። ይቺ ልጅ ግን ፋይልህን ቆሻሻ ነው አለች።"

"የኔን ፋይል? እትዬ ሰርካዲስ፣ እውነትዎን ነው?"

"እንዲያውም ልታጠፋው ነው።"

በሃያ ደቂቃ ደረሰ። መኪናውን ማቆም የተከለከለበት ቀዩ ጠርዝ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ ጃኬቱን ገልብጦ ለብሶ።

"የታለች?"

ፍናን ደንግጣ ተነሳች። እሱ መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑ ላይ ተደፋ፤ ሊሳደብ አፉን እንደከፈተ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ቀረ። ፋይሉ አናት ላይ ስሙ አለ።

"ስሜን ለምን አላጠፋሽውም?"

"አንተ አይደለህ የጻፍከው? እንዴት አጠፋዋለሁ?"

አንቱ ማለት አታውቅም፤ እሱ ግን ቅር አላለውም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ ጠረገ። እኔ እንኳ፣ እኔ ሰርካዲስ፣ ፊቴን አዞርኩ።

"ሰሞኑን ምን አወጣሽ?"

"አንድ መስመር ብቻ። አሮጌ ነገር፤ ከሌሎቹ መስመሮች ማንም አይጠራውም።"

"አዎ፣ ማንም አይጠራውም። ሰባተኛው ተደግፎ የሚቆመው ግን እሱን ነው።"

"የቤተክርስቲያናችን ፅጌ ማለት ናት!" አልኩ። "ምን ትሠራለች ብለን ማኅበር ሳንጠራት ቀረን፤ ለካ የአዳራሹ ቁልፍ እሷ ጋ ነው!"

ሳቀ፤ ተክለብርሃን ሳቀ!

ፍናን መስመሩን መለሰችው። ጥፍሯን እየበላች ጠበቀች። አንዱ አለፈ። ከዚያ ሦስት። ምሳ ሳይደርስ አርባውም ተነሱ።

ሊወጣ ሲል፣ "ለመሆኑ ቆሻሻ ያልሽው የቱን ነው?" አላት።

"እኔ? መቼ?"

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። "ወጤ አረረ" ብዬ ማድቤት ገባሁ። ምድጃው ላይ ምንም አልነበረም።

ስወጣ ቆሞ ፋይሉ ላይ እየጻፈ ነበር፤ ከስሙ ሥር የእሷን ስም። እንግሊዝኛ ስለማላነብ ፍናን ናት የነገረችኝ፤ ግን አንዱ ከአንዱ ሥር፣ አባትና ልጅ መስለው አየኋቸው።

ፍናን ለማንም እንዳትናገሪ አለችኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ለፅጌ ብቻ።