ባትሪው የሚሞላበት ሰዓት

"ወይ ይሄ ነው ወይ ያኛው፤ ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ መኪና ግቢያችን ውስጥ የለም ጋሼ" አለ መኪና ሻጩ ይስሐቅ፣ የሁለቱን መኪኖች ፎቶ በኮምፒውተሩ ላይ ጎን ለጎን እያሳየ።

ምንይሉ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ሳይተኛ ቶራንስ ከተማ ድረስ የመጣው መኪና ገዝቶ ሊሄድ እንጂ እንቆቅልሽ ሊፈታ አልነበረም። ነጩ መኪና ባትሪው ትንሽ ነው፤ ግን ፈጣን ቻርጀር ላይ ከተሰካ ምሳ ተበልቶ እስኪያልቅ ይሞላል። ግራጫው ባትሪው ትልቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢነዳ አያልቅም። ፈጣኑ ቻርጀር የሚሰካበት ቦታ ግን የለውም፤ ለመሙላት ሌሊቱን ሙሉ ቤት ተሰክቶ ማደር አለበት። በዚያ ላይ የቆዳ ወንበርና የመስታወት ጣሪያ ተደርጎበታል፤ እነሱ ይቅሩብኝ ማለት አይቻልም።

"ትልቁን ባትሪ ከፈጣኑ ቻርጅ ጋር ስጠኝ። የቆዳ ወንበሩን ተወው። ይሄ ምኑ ነው የሚከብደው?"

"ኦርደር ማድረግ እንችላለን። ግን ከፋብሪካ እስኪመጣ ሦስት አራት ወር ይወስዳል።"

"እስከዚያ በእግሬ ተሳፋሪ ልጫን?"

ይስሐቅ ፈገግ አለ። እዚሁ አገር የተወለደ ልጅ ስለሆነ ምንይሉን እያከበረውም "አንተ" ነበር የሚለው። "ሶ፣ ጋሼ፣ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። የት ቻርጅ ታደርጋለህ? መቼስ?"

ምንይሉ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሰገነት የእረፍት ቀኗን በዚህ ወንበር ላይ እያሳለፈች ነበር። ትከሻዋን ሰበቀች።

የጥያቄው መልስ ቀላል አልነበረም። ባልና ሚስት የሚነዱት አንድ መኪና ነው። ምንይሉ የታክሲ ሥራ ሲሞት በስልክ ወደሚጠራው የመኪና አገልግሎት ዞሮ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ኤርፖርት ሲያመላልስ ያድራል። ሲነጋ ሰገነት መኪናውን ተቀብላው ሎንግ ቢች ትሄዳለች፤ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። አሮጌው መኪናቸው በቀደም ፍሪዌይ ላይ ተሳፋሪ እንደጫነ ሞተሩ ቀጥ ካለ ወዲህ የሚሠሩት በኪራይ መኪና ነው፤ ኪራዩና ቤንዚኑ ደግሞ ምንይሉ የሚያመጣውን እየበላው ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ይሻላል ያለው እሱ ራሱ ነበር።

"አከራያችንን ጠይቀን እንመለሳለን" አለና ተነሣ።

*

እትዬ እታለም ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ያለውን የጓሮ ቤት ካከራየቻቸው ቆይታለች። ጋራዧ ውስጥ የልብስ ማድረቂያዋ የሚሰካበት ትልቅ ሶኬት አለ። ምንይሉ ባትሪውን በዚያ መሙላት እንደሚቻል፣ የመብራቱንም ሒሳብ እሱ እንደሚችል አስረዳት።

"ቤቴን አቃጥለህ ልትገላግለኝ ነው?" አለች፣ በሩ ላይ እንደቆመች።

"አያቃጥልም እትዬ እታለም። ከማድረቂያዎ የበለጠ የሚያሰጋ ነገር የለውም። እሱን ሲያምኑት ይሄን ምነው?"

"ማድረቂያውን አውቀዋለሁ። ያንተን መኪና አላውቀውም።" ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ "እንግዲህ እናንተን እንቢ አልልም። ማታ ከእራት በኋላ እስኪነጋ ሰካው። ቀን ግን ልብስ አለብኝ፣ ሰው ጋራዤ ሲገባ ሲወጣም አልወድም።"

"ማታ እኮ እኔ ሥራ ላይ ነኝ!"

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግህ?"

ምንይሉ ወደ ኪራዩ መኪና ሲመለስ በሩን በኃይል ዘጋው። ቀን መኪናው ሎንግ ቢች ነው፤ የሆስፒታሉ ግቢ ቻርጀር የለውም። ማታ መኪናው ሥራ ላይ ነው። በምንም ቢያሰላው አንዲት ትርፍ ሰዓት ልትገኝለት አልቻለችም።

"እንግዲያው ነጩን ነው የምንገዛው" አለ። "ፈጣኑ ቻርጀር ኮሪያታውን ሰፈር አለ አይደል? መንገድ ላይ እየሞላሁ እሠራለሁ። አለቀ።"

"መጀመሪያ እንየዋ" አለች ሰገነት።

የሱፐርማርኬቱ ፓርኪንግ ጥግ ላይ የቆሙት ቻርጀሮች ሦስት ነበሩ። አንደኛው ተበላሽቶ አፉ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሯል። ሁለቱ ተይዘዋል፤ ከኋላቸው መኪና ተሰልፏል። የሰልፉ መጨረሻ ላይ መቀመጫውን ዘርግቶ ያንቀላፋውን ሰው ምንይሉ አወቀው። ኤርፖርት የታክሲ ተራ ላይ ለዓመታት አብረው የቆሙት ጳውሎስ ነው። መስኮቱን አንኳኳ።

ጳውሎስ ደንግጦ ነቃ። "ተራዬ ደረሰ?"

"ገና ነህ። ሰላም ነው? መኪናውስ እንዴት ነው?"

"መኪናው አንደኛ ነው! ቤንዚን የለ፣ ዘይት የለ።" ጳውሎስ ፊቱን በእጁ አበሰ። "መጠበቁ ነው እንጂ። አንዳንዴ ሰክተኸው ስትመጣ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ታገኘዋለህ፤ እንደገና ትሰለፋለህ። ግን ለመድኩት። እዚሁ እበላለሁ፣ እዚሁ እተኛለሁ።" የኋላ ወንበሩ ላይ ትራስና ብርድ ልብስ ነበር፤ የጥርስ ብሩሽም በኩባያ ቆሟል።

"ቤት ሄደህ አትተኛም?" አለችው ሰገነት።

"ቤት ስደርስ ሁሉም ወጥቷል እኮ። ምን ልሠራ?" ብሎ ሳቀ። እነሱ ግን አልሳቁም።

*

ወደ ቶራንስ የሚመልሰው ፍሪዌይ ተጨናንቆ ነበር። ትንሽ እንደሄዱ ሰገነት ተናገረች።

"ግራጫውን እንግዛ።"

"ግራጫው ማታ ተሰክቶ ማደር አለበት ተባለ እኮ! አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ። ማታ ይደር። ጠዋት እኔን ሎንግ ቢች ታደርሰኛለህ፣ ቀን እዚያው አካባቢ ትሠራለህ፣ ስወጣ አብረን እንመለሳለን።"

"የቀን ሥራ ትራፊክ ነው ሰገነት። ገንዘቡ ያለው ማታ ነው። ስንቴ ልንገርሽ?"

"እኔስ ስንቴ ልንገርህ? በር ላይ ቁልፍ መቀባበል ከጀመርን ስንት ዓመታችን ነው? ቁልፉን ትሰጠኛለህ፣ 'ጎማው ቀንሷል' ትለኛለህ፣ ገብተህ ትተኛለህ። ስለ ጎማ ካልሆነ ምን አውርተን እናውቃለን?"

"ለማን ብዬ ነው የማድረው? ለራሴ ነው?"

"ባትሪው ማረፍ አለበት ሲሉህ ቁጭ ብለህ ሰማሃቸው። እኔ አንተን ዕረፍ ስልህ ግን ትጮህብኛለህ።"

  ምንይሉ መንገዱ ሲከፈትለት በንዴት ነዳጁን ረገጠ፤ የቀትር ፀሐይ በመስታወቱ እየገባ ፊቱን ያሞቀዋል። ሰገነት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። 

ከዚያ የሰማው የጎማውን ጉርምርምታና የሚስቱን ጩኸት ነበር።

"ምንይሉ!"

ዓይኑን ሲገልጥ የሰገነት እጅ መሪው ላይ ነው፤ የሲሚንቶው ግንብ በእሱ በኩል ሊነካቸው ትንሽ ቀርቶታል። ከጎናቸው የሚያልፍ ከባድ መኪና ጡሩምባውን ለቀቀው። መሪውን መልሶ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ በቀጣዩ መውጫ ወጣና ከአንድ የጎማ መሸጫ ፊት አቆመ።

 ሰገነት ቀበቶዋን ፈታች፤ ወርዳ ዞረችና የእሱን በር ከፈተች።

"ውረድ። እኔ ልንዳ።"

"ቶሎ ነው የነቃሁት..."

"አልነቃህም። እኔ ነኝ የቀሰቀስኩህ።" ክንዱን ይዛ ሳበችው። "እኔ ባልኖር ማን ነበር የሚቀሰቅስህ? ማታ ማን አለ ከጎንህ?"

ወረደ። ስንት ሌሊት እንዲህ ደንግጦ እንደነቃና ለሷ ሳይነግራት እንደቀረ ያውቃል።  በተሳፋሪው ወንበር ተቀመጠ፤ ቶራንስ እስኪደርሱም ዓይኑን ከመንገዱ ላይ አላነሣም።

ይስሐቅ ለምሳ ሊወጣ ሲል ደረሱበት።

"ግራጫውን" አለ ምንይሉ፣ ሳይቀመጥ።

"ኦኬ! ግን ፈጣን ቻርጅ እንደሌለው ታውቃለህ አይደል? በኋላ ልጨምር ብትል አይቻልም።"

"ገብቶኛል።"

"የማታ ሥራ ግን አለኝ ብለኸኝ ነበር። ከነጩ ጋር እኮ..."

"ማታ እንተኛለን" አለው ምንይሉ ቆጣ ብሎ።

ሰገነት ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን አላያትም፤ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዝሮ ነበር። ሁልጊዜ ከኤርፖርት የሚያመጣው ደንበኛ ነው፤ ዛሬ ማታ ስለሚገባ እንዲቀበለው ይጠይቃል። ምንይሉ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ጥሩ ደንበኛ ነው፤ ጉርሻ አይሰስትም፣ እንዲህ ዓይነቱ ሰው አንዴ ከሄደ አይመለስም። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ቆየች።

"አልችልም፣ የማታ ሥራ አቁሜያለሁ" ብሎ ላከለት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። "በል፣ የት ጋ ነው የምፈርመው?" አለ፤ ፊቱ ገና አልተፈታም ነበር።