የገጽ ሰባት ክፍተት

መምህርቷ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ይዛ ከረመች። ከአንድ ጀምሮ እስከ አንድ ትልቅ ቁጥር ድረስ ካሉት ውስጥ፣ የትኞቹም ሦስቱ በእኩል ርቀት እንዳይሰለፉ አድርገን ስንመርጥ፣ ቢበዛ ስንት ቁጥር እናገኛለን? ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ አምስት አብረው ይኖራሉ፤ ሦስት ከገባ ግን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተሰልፈው ነገሩ ይበላሻል። ቁጥሩ እየተለቀ ሲሄድ ስንቱን አዋቂ ያንበረከከ ጥያቄ ነው።

አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ አናጢ ነው። አንድ ቀን ብታስረዳው፣ "እኔ እኩል እንዲሆንልኝ ስለካ አረጀሁ፤ አንቺ ደግሞ እኩል እንዳይሆን ትለፊያለሽ። እናታችን የወለደችው ጉድ ነው" አላት።

ልፋቷ ፍሬ ይዞ፣ ውጤቷን ለባልደረቦቿ ልታቀርብ ሳምንት ሲቀራት፣ የቀድሞ ተማሪዋ አንድ ጽሑፍ ላከላት። ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ መልሶ ሳይጨርስ ደወል ይደወልበት ስለነበር ጓደኞቹ "አይቸኩሌ" ይሉት ነበር። አሁን በሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ነው። በአሥራ አንድ ገጽ ብቻ እሷ የደረሰችበትን ጥሎ አልፏል።

ክው አለች። ሦስት ቀን መስመር በመስመር ስትመረምር ዋለች፤ ለራሷ "ማረጋገጤ ነው" ብትልም ልቧ ስህተት ፍለጋ መሆኑን አላጣውም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ገጽ ሰባት ላይ አገኘችው። "እንደሚታወቀው" ብሎ የዘለለው እርምጃ ጨርሶ የሚታወቅ አልነበረም።

ደስ አላት። ደስ ማለቷ ደግሞ አሳፈራት።

ወንድሟ የመስኮት ፍሬም ሲያለሰልስ ደረሰች።

"ጋሼ፣ የሌላ አናጢ ሥራ ላይ ስንጥቅ ብታይ ምን ታደርጋለህ?"

"ሰውየውን አውቀዋለሁ?"

"አስተምረኸዋል።"

"ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ?" አለና ብናኙን እፍ አለው።

ተመልሳ ለተማሪዋ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። የጎደለው ምን እንደሆነ በትክክል ልትጽፍለት ስትል ብዕሯ ቆመ። በአራተኛው ዓመት "ለምንም አይረባም" ብላ የጣለችው አንድ ውጤት ክፍተቱን ልክክ አድርጎ ይደፍነዋል። ደብተሩን ከቁም ሣጥን ሥር ፈልጋ አወጣች፤ በሁለት ገጽ ገልብጣ ላከችለት።

በማግስቱ ደወለ። "መምህሬ፣ ያቺን መስመር ስጽፍ እኔም ፈርቼ ነበር። ስምዎ ከስሜ ጎን ይግባ።"

"የሰጠሁህ እኮ ሁለት ገጽ ነው።"

"ያለ እነዚያ ሁለት ገጾች አሥራ አንዱ ባዶ ወረቀት ነው" አላት፤ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ።

ሐሙስ ዕለት ለዘጠኝ ባልደረቦቿ ያቀረበችው የእሱን ማረጋገጫ ነው። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ እጁን አውጥቶ፣ "ያንቺ የስድስት ዓመቱስ?" ሲል ጠየቃት። ሳምንቱን ሙሉ የፈራችው ይህንን ጥያቄ ነበር።

"በዚህ ተበልጧል" አለች። ወደ ሰሌዳው ዞረችና የሚቀጥለውን መስመር ጻፈች።