አምስተኛው ጥቅል የቀደመ ቀን

እናንተ ልጆቼ ዛሬ ፊልም በመዳፋችሁ ላይ ታያላችሁ፤ ይመቻችሁ። በእኔ ጊዜ አንድ ፊልም በስድስት ቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም ነበር። እኔ በሲኒማ ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ጥቅል በጥቅል እያፈራረቅሁ የማሳይ ኦፕሬተር ነበርኩ።

ታላቅ ወንድሜ ደግሞ የፍልስፍና መምህር። "አንተ እኮ ሰውን ጨለማ ውስጥ ሰብስበህ ያልሆነውን ሆነ የምታሰኝ ነህ" እያለ ይተርበኛል።

"አንተስ የሆነውን አልሆነም የምታሰኝ አይደለህ?" እለዋለሁ። እንዲህ ስንሳሳቅ ነው የኖርነው።

አባታችን ሲያርፉ ግን ወንድሜ ለትምህርት ባሕር ማዶ ነበር። የደረሰው ከተቀበሩ በኋላ ነው። "ለምን ቀድመህ አልጠራኸኝም?" አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ በሐዘንና በንዴት ግን ጥዬው ወጣሁ። ስምንት ወር ተኳረፍን።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በትንሿ መስኮት ወደ አዳራሹ ብመለከት፣ ወንድሜ ተማሪዎቹን አስከትሎ ተቀምጧል። ዓይኔን ከእሱ ሳልነቅል፣ ሳላውቀው አራተኛውን ጥቅል ትቼ አምስተኛውን አስገባሁ። የፊልሙ ሽማግሌ አባት ሞተው ተቀበሩ። አራተኛውን ሳስከትል፣ የተቀበሩት ሰውዬ በር ከፍተው ገቡና ልጃቸውን ሻይ አምጣልኝ አሉት!

አዳራሹ በፉጨት ተናጋ። "ኦፕሬተር! የእኔንም አያት አስነሣልኝ!" ይላል አንዱ ከኋላ።

ላቆመው እጄን ስሰድ የክፍሌ በር ተከፈተ። ወንድሜ ነው፤ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ያለከልካል።

"አታቁመው።"

"ጋሼ፣ ተሳስቼ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ። ሻያቸውን ይጨርሱ።"

ጎን ለጎን ቆመን አየን። "ያለፈ ጊዜ አይመለስም ብዬ ስንት ዓመት አስተማርኩ" አለ። ወደ እኔ ዞረ። "አባባ ስለ እኔ ጠይቀው ነበር?"

"በየቀኑ። ግን 'ፈተናውን ሳይጨርስ መታመሜን እንዳትነግረው' ብለው አስማሉኝ። የሚሻላቸው መስሎኝ እሺ አልኩ። ያኔውኑ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።"

እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። ሥራ አስኪያጁ እየተቆጣ ደረጃውን ሲወጣ ይሰማናል። ወንድሜ ቀስ ብሎ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ጥቅሉ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።